በደብረ ብርሃን የሦስት ወር የሙዚቃ ሥልጠና፦ የትኛው መምህር ጋ ይመዝገቡ?

ደብረ ብርሃን ላይ ልጁን የባህል መሣሪያ ማስተማር የሚፈልግ ወላጅ ምርጫው ጠባብ ነው። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ለሚሰጥ ትምህርት የሚመላለሱበት መንገድ አይደለም። ስለዚህ ከተማው ውስጥ ላሉት ጥቂት ማሠልጠኛዎች ከጫጫም ከደብረ ሲናም ልጅ ይመጣላቸዋል። እዚህ የምንገመግመው አንዱን ነው። ስሙን አንጠራም፤ የምንነቅፈው ልማድ የዚያ ቤት ብቻ ስላልሆነ አንዱን ስም ጠርቶ ሌሎቹን ነፃ ማውጣት ይሆናል።

ቤቱ ክራር፣ ማሲንቆና ኪቦርድ ያስተምራል። ትምህርቱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ሆኖ ሦስት ወር ይፈጃል፤ ወደ 24 ሰዓት ማለት ነው። በአንድ ቡድን እስከ 8 ተማሪ ይገባል። ሒሳቡን ሠርቶ ማየት ደግ ነው፦ መምህሩ ጊዜውን እኩል ቢያካፍሉ እንኳ ለአንድ ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሰባት ደቂቃ ተኩል፣ በሦስት ወር ደግሞ ሦስት ሰዓት ይደርሰዋል። ከዚያች ሰባት ደቂቃ ሁለት ሦስቷ በቁጣ ካለቀች ለትምህርት የምትቀረው ምን ያህል እንደሆነች ወላጅ ያስላ።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ክራሩ ላይ ዕውቀቱ አለ፣ አያያዙ ግን ልጅ ያበላሻል። ማሲንቆው ጥብቅ ነው፣ ጥብቅነቱም ለተማሪው ይጠቅማል። ኪቦርዱ ገር ነው፤ ገር በመሆኑ ብቻ ግን ገንዘብ አይከፈልበትም።

የክራሩ መምህር ሙያቸውን አሳምረው ያውቃሉ፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ግፍ ነው። ብዙ ቦታ መምህሩ ክራሩን ራሱ ቃኝቶ ይሰጥና ተማሪው መቃኛ ሳይነካ ሦስት ወሩን ጨርሶ ይወጣል። ቤቱ ገብቶ ክሩ ሲረግብበት ክራሩ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ በቃ። እዚህ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ተማሪው ራሱ ይቃኛል። መነሻው ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ ስድስተኛው ክር ከአምስቱ የአንዱን ድምፅ በኦክታቭ፣ ማለትም ያንኑ ድምፅ በሌላ ከፍታ፣ ይደግማል። ቀጥሎ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ አውርዶ ወደ ትዝታ ማይነር መሻገር ይመጣል። የሚነካው ጥቂት ክር ነው፣ ጆሮ የሚፈተነው ግን እዚያ ላይ ነው። ጀማሪው ሚን በደንብ ያወርድና ላ ላይ ይቸኩላል፤ ግማሹን መንገድ ወርዶ «ደረስኩ» ይላል። መምህሩ ይህን ከክፍሉ ማዶ ሆነው ይሰሙታል። ባቲና አምባሰል ይከተላሉ። አንቺ ሆዬ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ትክክል ነው፦ ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ የወረደ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ሲሆን፣ ከዶ ተነሥቶ ጆሮ የሚደገፍበት ንጹሕ ሶል ስለሌለው ጀማሪ መንገዱ ይጠፋበታል። የስልክ መቃኛ አፕሊኬሽን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይፈቀዳል፤ ከዚያ ስልክ ኪስ ይገባል። ይህን ሥርዓት ሌሎች ቤቶችም ቢወስዱት መልካም ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ልጁ ሲሳሳት ነው።

መምህሩ እስክሪብቶ ይዘው ከተማሪው በስተግራ ይቆማሉ። የግራ እጅ ጣት ስትዘገይ አንጓዋን ነካ ያደርጓታል፤ «ነካ» የሚሉት እሳቸው ናቸው። ከእስክሪብቶው ይልቅ የሚያመው ግን አፋቸው ነው። «ጆሮህን ቤት ረስተኸው ነው የመጣኸው?» «አንቺ ደግሞ፣ እዚህ ከምትደክሚ ለእናትሽ ውኃ ብትቀጂ አይሻልም?» ሰባቱ ይስቃሉ፤ የሚስቁትም ተራው የእነሱ ስላልሆነ ነው። ተራው ሲደርሳቸው ፊታቸው ይለወጣል።

ጉዳቱን ስድብ ነውር ነው በሚለው ብቻ ማየት አይበቃም። ጣት ላይ ምን እንደሚያደርግ ማየት ያስፈልጋል። በግርፍ አመታት ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠርጋል፤ ዜማውን የሚያወጣው ግራ እጅ ነው። የግራ ጣቶች ክሮቹ ላይ ለስለስ ብለው ያርፉና እንዳይጮኹ ያፍኗቸዋል፤ የሚፈለገው ድምፅ ሲደርስ የዚያ ክር ጣት ብቻ ትነሣለች። ለማፈን መንካት ይበቃል፤ መጫን አያስፈልግም። የፈራ ልጅ ግን ይጫናል። ሲጫን ክሩ ከመስመሩ ወጥቶ ይለጠጣል፣ ድምፁም ሲለቀቅ ተዛብቶ ይወጣል። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ደግሞ ተለያይተው መንቀሳቀስ የሚችሉት እጅ ሲላላ ነው፤ እጁ ከጠበቀ አንዷ ስትነሣ ሌላዋን ይዛት ትነሣለችና በአንድ ድምፅ ፈንታ ሁለት ይሰማል። ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ አንጓ ይቆለፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ክንድ መዛል ይጀምራል። መምህሩ የሚያዩት የዘገየችውን ጣት ነው፤ እስክሪብቶው ይወርዳል፤ እጁ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ጣቷም ይበልጥ ትዘገያለች። ልጁ ሰነፍ ነው የሚባለው ይህ ዙር ጥቂት ጊዜ ከተደገመ በኋላ ነው።

ምቱም ይበላሻል። ችክችካ የሚባለው ምት በስድስት የሚቆጠር ሆኖ ደካሞቹ ምቶች ካልተጠበቁ ይሰበራል። የፈራ ልጅ ቶሎ ጨርሶ መገላገል ስለሚፈልግ ደካሞቹን ይውጣቸዋል፤ በቀስታ የጀመረው ዜማ መሀል ላይ ሲደርስ ይሮጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሜትሮኖም የሚባለውን ምት ጠባቂ መሣሪያ በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጎ ከፍ ባለ ድምፅ እየቆጠሩ መምታት። የምንገመግመው ቤት ግን ሜትሮኖም የለውም፤ ምቱን የሚጠብቀው የመምህሩ ጭብጨባ ነው፣ ጭብጨባውም መምህሩ ሲናደዱ አብሮ ይፈጥናል።

ከሁሉ የከፋው «አቁም! ከመጀመሪያው!» የሚለው ትእዛዝ ነው። ስሕተት በተሰማ ቁጥር ልጁ ወደ መነሻው ይመለሳል። ውጤቱ ሲታይ የዜማው መነሻ መቶ ጊዜ ተመትቷል፣ መጨረሻው አሥር ጊዜ አልሞላም። ስሕተት የነበረበት ቦታማ ጭራሽ ለብቻው አልተሠራም፤ ልጁ የሚያልፍበት እየፈራ ነው፣ እጁም ፍርሃቱን ከዜማው ጋር አብሮ ይለማመደዋል። በምረቃው ዕለት ወላጅ ፊት መሀል ላይ ሲደናቀፍ መቀጠል አይችልም፤ እጁ የሚያውቀው መግቢያ የመነሻውን በር ብቻ ነውና። የሚሠራው መንገድ ሌላ ነው። ስሕተቱ ያለበትን ሁለት ምት ለይቶ ማውጣት፣ በ60 ሦስት ጊዜ ያለ ስሕተት መምታት፣ ከዚያ ከፊቱ ካለው ሐረግ ጋር፣ ቀጥሎም ከኋላው ካለው ጋር ማያያዝ። ከተስተካከለ ፍጥነቱን በአምስት ከፍ ማድረግ፤ ካልተስተካከለ ወደ 50 መውረድ። ረዘም ያለ ዜማ ሲሆን ከመጨረሻው ሐረግ ጀምሮ ወደ ኋላ ማጥናት ይሻላል፦ ልጁ ሁልጊዜ ወደሚያውቀው ቦታ እየሄደ ይጫወታል።

ሌላም በጊዜው የማይታይ ጉዳት አለ። ክሩ የረገበበት ልጅ እጁን አውጥቶ «ክሬ ወርዷል» አይልም። ቢል «ሲቃኝ የት ነበርክ?» እንደሚባል ያውቃል። ስለዚህ ሰዓቱን ሙሉ በወረደ ክር ይመታል፤ ጆሮውም የወረደውን ድምፅ ይለምዳል። ጥሩ ጆሮ ለመስጠት ያን ያህል የሚደክሙ መምህር በቁጣቸው ጆሮውን መልሰው ይደፍኑታል። ዜማ ሲያልቅ የልጆቹን ዓይን ማየት ነው፤ አንዱም ክራሩን አያይም፣ ሁሉም የመምህሩን ፊት ነው የሚያዩት። ልክ መሆን አለመሆናቸውን የሚነግራቸው የመምህሩ ግንባር ነው። መምህሩ በሌሉበት ቤታቸው ሆነው ማን ይነግራቸዋል?

ቅዝቃዜውንም እንጨምር፤ ደብረ ብርሃን ነውና። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ይወርዳል። የጠዋቱ ቡድን የሚገባው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የበረደው ጣት ከቀትሩ ጣት ጋር አንድ አይደለም፤ ይደነዝዛል፣ ክሩን መንካቱን እንኳ በቅጡ አይለይም። ክራሩም ከውጭ ወደ ክፍል ሲገባ ቅኝቱ ይንሸራተታል፤ የክረምቱ እርጥበት ቆዳውን ያላላዋል፣ የበጋው ደረቅ ነፋስ ደግሞ ይወጥረዋል። ገብቶ ወዲያው መቃኘት ስለዚህ ከንቱ ድካም ነው። መሣሪያው ክፍል ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ፣ ልጆቹም በዚያ ጊዜ እጃቸውን ያሹ፣ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያነሡ ያሟሙቁ፣ ከዚያ ይቃኝ። ክራሩን ከሰል አጠገብ ማሞቅ ግን አይገባም፤ ቆዳው በአንድ ጎን ይወጠርና ይሰነጠቃል። በጠዋቱ ክፍል ይህ ሁሉ የለም። ገብተው ይቃኛሉ፣ ቅኝቱ ይንሸራተታል፣ ቁጣው ይከተላል። የብርዱን ዕዳ ልጁ ይከፍላል ማለት ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠውን መልስ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ወላጁ ራሱ ልጁን ሲያስረክብ «መምህር፣ ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ» ብሎ ነው የሚሄደው። «እኛም ተገርፈን ነው የተማርነው» ይባላል። ተገርፈው የተማሩት አሉ፣ እውነት ነው፤ ተገርፈው ክራሩን የጣሉት ግን ለምስክርነት አይቀርቡም። ማሠልጠኛው በምረቃ ቀን መድረክ ላይ የወጡትን ያሳያል፤ ጠያቂ ወላጅ ስንት ተመዝግበው ስንት እንደወጡ ይጠይቅ።

ቅዱስ ያሬድም ይጠቀሳል። አጎቱ አባ ጌዴዎን ትምህርት አልገባህ ብሎት ገርፎታል፣ በኋላም የዜማ አባት ሆኗል ይሉና ታሪኩን እዚያ ላይ ይቆርጡታል። ሲተረክ የኖረው ግን ከዚያ ይቀጥላል፦ ያሬድ ከግርፋቱ በኋላ ሸሽቶ ሄደ፤ ወደ ትምህርቱ የመለሰው ዛፍ ላይ ለመውጣት ደጋግማ ወድቃ በሰባተኛው የተሳካላት ትል ናት። ትሏን ማንም አልገረፋትም። ከአብነት ትምህርት ቤት የሚወረስ ነገር ከተፈለገም አለንጋውን ትቶ የተሻለ አለ። የኔታ ተማሪውን አንድ በአንድ አጠገባቸው አስቀምጠው ይሰማሉ፤ ያልሄደለት ወደፊት አይዘልም፣ ያንኑ ያጠናል፤ ጀማሪውን ቀድሞት የተማረው ያስቀጽለዋል፣ ማለትም እየመራ ያስጠናዋል። ስምንት ልጅ ለአንድ መምህር የበዛበት ይህ ቤት ያንን የማስቀጸል ልማድ ቢወስድ ሰባት ደቂቃዋ በእጥፍ ትሰፋ ነበር።

ፍርሃት ምንም አይሠራም ማለታችን አይደለም። ልጅ በሰዓቱ እንዲመጣ፣ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1908 ይርክስና ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አይጦችን በኤሌክትሪክ ንዝረት እያስደነገጡ ባደረጉት ሙከራ፣ ሥራው ቀላል ሲሆን ጠንከር ያለው ንዝረት ትምህርቱን ሲያፈጥነው፣ ሥራው ለመለየት ሲያስቸግር ግን ያው ጠንካራ ንዝረት አዘግይቶታል። አይጥ ልጅ አይደለችም። ግን የላን ግማሽ ድምፅ መለየት ከአስቸጋሪው ወገን መሆኑን ክራር የነካ ሁሉ ይመሰክራል።

አሁን ወደ ማሲንቆው እንለፍ፤ እዚያው ቤት፣ ኮሪደሩን ተሻግሮ ያለው ክፍል ነው።

ማሲንቆ ለስሕተት ከክራር የባሰ የተጋለጠ መሣሪያ ነው። አንድ ክር ነው ያለው፤ ጣት የሚያርፍበት ምልክትም ከሥር የሚደግፍ ሳንቃም የለውም። ድምፁ የሚወሰነው ጣት ክሩን የት ላይ እንደነካው ነው፤ ጠበቅ ተደርጎ ከተነካ ደግሞ ይወጣል። ደጋኑ ከተጫኑት ይፋቃል፣ ካቀለሉት ያፏጫል። ይህን የሚያስተምሩት መምህር ከክራሩ መምህር ያነሰ አይጠይቁም፤ እንዲያውም ይብሳሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግራ እጅ ጨርሶ ክር አይነካም፦ ደጋን መሳብ፣ መግፋት፣ ሙጫ መቀባት፣ ጭራውን ከጨዋታ በኋላ ማላላት ብቻ። ሙጫው ሲያንስ ጭራው ክሩን ሳይዝ ይንሸራተታል፤ ሲበዛ ዱቄቱ ይከመርና ድምፁ ይሻክራል። ልጆቹ ይሰለቻሉ። መምህሩ አያባብሏቸውም።

ልዩነቱ ስሕተት ሲመጣ ይታያል። «እንደገና» ይላሉ፣ ያው በለሰለሰ ድምፅ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ፦ «ደጋንህን አቅልለው።» ጣቱም ትከሻውም ተበላሽቶ ይሆናል፣ በዚያ ዙር ግን ስለ ደጋኑ ብቻ ነው የሚነገረው። ሁለተኛ፣ ከማረማቸው በፊት ይጠይቃሉ፦ «የቱ ጋ ወረደብሽ?» ልጅቷ ቦታውን ካገኘችው ራሷ ታስተካክለዋለች፤ ካላገኘችው ሐረጉን በአፏ ታዜማለች፣ ከዚያ በማሲንቆው ትፈልገዋለች። በአፉ ያልያዘውን ዜማ በጣቱ የሚያገኝ የለም። ሦስተኛ፣ ያልተስተካከለ አያሳልፉም፦ ባለፈው ሳምንት ያልሄደለት ልጅ በዚህ ሳምንትም እዚያው ሐረግ ላይ ነው፣ ሌሎቹ አልፈውት ቢሄዱም። ማንም ግን አይስቅበትም፤ የሳቀ ከክፍል ይወጣል። ቁጣ እዚህም አለ ማለት ነው፣ የሚወርደው ግን በተሳሳተው ላይ ሳይሆን ባላገጠው ላይ ነው።

ጉድለት የለውም አንልም። ሦስት ወር ሲያልቅ የማሲንቆው ተማሪ የሚያውቀው ሁለት ዜማ ቢሆን ነው፤ የክራሩ ተማሪ ስድስት ሰባት ይቆጥራል። ወላጅ «ለዚህ ነው የከፈልኩት?» ቢል አይፈረድበትም። ሁለቱን ግን አስጀምሮ መሀል ላይ ማስቆምና ከቆሙበት እንዲቀጥሉ መጠየቅ ነው፤ የማሲንቆዎቹ ይቀጥላሉ። ሌላው ጉድለት የሸዋ ዜማ ማነሱ ነው። መንዝን የሚያህል የሽለላና የፉከራ አገር አጠገብ ሆኖ የሚጠናው ከቴሌቪዥን የተለመደው ብቻ መሆኑ ያሳዝናል። ሽለላ ኃይል የሚፈልግ ስለሚመስል ተማሪው ደጋኑን አንቆ መያዝ ያምረዋል፤ ጥሩው ሽለላ የሚወጣው ግን አንጓው ሲላላና ደጋኑ በሙሉ ርዝመቱ ሲሄድ ነውና፣ ለልምምድም ይጠቅም ነበር።

ስለ ኪቦርዱ ብዙ የሚባል የለም። ወጣቱ መምህር ልጆቹን ይወዳሉ፣ ልጆቹም ይወዷቸዋል። «ጎበዝ! ጎበዝ!» ይላሉ፣ ለተስተካከለውም ላልተስተካከለውም እኩል። አውቶማቲክ ሪትሙ ይከፈታል፣ ልጁ ከሪትሙ ወጥቶ ይጫወታል፣ ይጨበጨብለታል። ልጅ ሞኝ አይደለም፤ ሁሉም ነገር «ጎበዝ» ሲያሰኝ ቃሉን መስማት ያቆማል። በዚህ ክፍል እጅ አይታሰርም፣ ጆሮም አይከፈትም። ለስምንት ዓመት ልጅ ማስጀመሪያ ይሆናል፤ ለአሥራ አራት ዓመቱ አይሆንም።

ለመመዝገብ ለሚያስብ ወላጅ፦ ቤቱ ከክፍያ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብሎ ማየት ይፈቅዳል፤ ይህን ዕድል ይጠቀሙበት። ግን ወላጅ በር ላይ ሲቆም የክራሩ ክፍል ጨዋ ይሆናል፣ እስክሪብቶውም ኪስ ይገባል። ስለዚህ መምህሩን ትተው ልጆቹን ይዩ። ትከሻቸው የት ነው ያለው? ሲሳሳቱ ወዴት ያያሉ? በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ልጅ ጥያቄ ጠየቀ? አንድም ካልጠየቀ ክፍሉ የገባው ስለሆነ አይደለም። ልጅዎ ክራር ካልሆነ በቀር የሚል ከሆነ የከሰዓቱን ቡድን ይምረጡ፤ ብርዱ ይቀንሳል፣ ልጆቹ አምስት ስድስት ስለሆኑ የሚደርሰው ደቂቃም ይጨምራል። እጅ እንዳይነካም ቀድመው፣ በግልጽ፣ ኃላፊው ባለበት ይናገሩ። «ወላጅ ፈቅዷል» የሚባል ሰበብ አይሠራም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

ክፍያው የሦስቱ ወር በአንድ ጊዜ ነው፤ ልጁ መሀል ላይ ቢተው አይመለስም። በወር በወር ልክፈል ብሎ የጠየቀ ግን ይፈቀድለታል፣ ማስታወቂያው ላይ አልተጻፈም እንጂ። ለክራር የቤቱን መሣሪያ መጠቀም ይቻላል፤ ወደ ቤት መውሰድ ስለማይቻል ግን የራሱ የሌለው ልጅ በሳምንት ከሁለት ሰዓት በላይ አይለማመድም። ሲገዙ ቆዳውን በጣት መታ መታ አድርገው ዙሪያውን እኩል መጮኹን ይስሙ፣ መቃኛዎቹም ጠምዝዘው ሲለቋቸው ወደ ኋላ የማይመለሱ መሆናቸውን ይዩ። የማሲንቆው ቡድን ቶሎ ይሞላል። ሙጫ ቤቱ አያቀርብም፣ ከቤት ይዞ መሄድ ነው።